ደብረ ብርሃን ላይ የኮራል ገንዳ፦ ትርፍ ውኃው በምን ይውረድ? መብራት ሲጠፋስ?

ብርሃን_ሪፍ (ደብረ ብርሃን)
ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ዓመት ገንዘብ ሳጠራቅም ቆይቼ ገንዳዬን አሠራሁ። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ነው። አፉ ድረስ ቢሞላ 300 ሊትር ይይዛል። መስታወቱ 10 ሚሊ ነው። ካቢኔው ውስጥ የሚቀመጥ ሳምፕም (ውኃው የሚጣራበት የታችኛው ገንዳ) አለኝ፤ 75 በ35፣ ከፍታው 40። ፓምፑ ካርቶኑ ላይ በሰዓት 3000 ሊትር ይላል።

ሐሳቤ የባሕር ውኃ ነው። ለስላሳ ኮራል፣ ሁለት ክላውንፊሽ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣ። ከዚያ በላይ አልመኝም።

የጨነቀኝ ውኃው ከላይኛው ገንዳ ወደ ሳምፑ የሚወርድበት መንገድ ነው። ገንዳው አልተበሳም። አንዳንዱ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ሳጥን በሳይፎን (ውኃ በሞላ ቱቦ ራሱን ስቦ ጠርዙን ተሻግሮ ሲወርድ) ይሠራል ይላል። ሌላው የግድ ብሳው ይላል። ውኃ የሚመልሰውን ቱቦ አፍ ደግሞ ድምፅ እንዳያሰማ ብዬ 10 ሳንቲ ወደ ውስጥ ላጠልቀው አስቤያለሁ። መቆጣጠሪያ ቫልቭም ገዝቻለሁ። ጠንካራ የናስ ነው።

እኛ ሰፈር መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠፋል። ገንዳው የሚቆመው እናቴ ሳሎን ነው። ምንጣፉ ላይ አንድ ባልዲ ውኃ ከፈሰሰ ነገሩ በዚያው ያከትማል። እባካችሁ ሳልሞላው በፊት ምከሩኝ።

---

ቀወት_ዓሣ (ሸዋ ሮቢት)
ሰኞ፣ ማታ 3:15

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። እኔ ቆሮሶ ነው የማረባው፤ ጨው ውኃ ነክቼ አላውቅም። የሚንጠለጠለውን ሳጥን ግን አውቀዋለሁ፤ የደረሰብኝን ልንገርህ።

ሳጥኑ የሚሠራው በታጠፈች ቱቦ ነው። ውኃ በሳይፎን ጠርዙን ተሻግሮ ይወርዳል። አምስት ወር እንከን አልነበረውም። በጊዜ ብዛት ግን ቱቦዋ ጫፍ ላይ አየር ተጠራቀመ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሳይፎኑ አልተነሣም። ፓምፑ ግን ተነሣ። ከታች ያለውን ውኃ ሁሉ ወደ ላይ ገፋው። ላይኛው መውረጃ የለው፣ ሞልቶ ፈሰሰ። ከገበያ ስመለስ ውኃው በር ላይ ጠበቀኝ።

የእኔ ወለል ሲሚንቶ ነው፤ ጠርጌ ተገላገልኩ። የእናትህ ሳሎን ከሆነ ግን ብሳው።

---

ጠባሴ_ሪፍ (ደብረ ብርሃን)
ሰኞ፣ ማታ 4:50

ልጄ፣ ጥያቄህን በጣም ወደድኩት። ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀው ከፈሰሰበት በኋላ ነው። እኔ እዚሁ ጠባሴ ሰፈር የኮራል ገንዳ ይዤ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዝ። የውኃውን መንገድ ስትነድፍ ፓምፑ ሲሠራ ምን ይመስላል ብለህ አትጀምር። ሲቆም ውኃው የት ይሄዳል? ሲነሣስ መጀመሪያ ምን ይሆናል? ከዚህ ተነሣ። ሲሠራ ያለው ቀላል ነው፤ የሰዎች ገንዳ የሚፈሰው በሁለቱ ደቂቃዎች ላይ ነው።

አሁን ወደ መውረጃው። ጀሪካን ሞልተህ ድፍት ስታደርገው ጉልጉል እያለ ነው የሚወርደው። በአንድ አፍ ውኃ ሊወጣ፣ አየር ሊገባ ስለሚጋፉ ነው። አንድ ቱቦ ብቻ አድርገህ ውኃና አየር አብረው ሲወርዱበትም የምትሰማው እሱን ነው። ሳሎን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ይነሳል። ባለ አንድ ኢንች ቱቦ በዚህ አኳኋን በሰዓት ከ1000 ሊትር ብዙም አይሻገርም።

አሁን ደግሞ ከበርሜል ናፍጣ በጎማ ስበህ ስታወርድ አስብ። ጎማው አየር የለውም፤ ጥርቅም ብሎ ሞልቷል። ድምፅ የለም፤ ፍጥነቱም ሌላ ነው። ያው ባለ አንድ ኢንች ቱቦ ሞልቶ ሲወርድ ከ3000 ሊትር በላይ ሊያወርድ ይችላል። ሙሉ ሳይፎን የሚሉት ይህንን ነው። ሥራህ ቱቦው አየር ሳይስብ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ለዚህ ታች ላይ ቫልቭ ታስገባና ፓምፑ የሚሰጠውን ያህል ብቻ እስኪያሳልፍ ቀስ እያልክ ትዘጋለህ።

ችግሩ፣ ሙሉ ሳይፎን ብቻውን አይታመንም። ቀንድ አውጣ ገብታ ብትዘጋው ውኃው ወደየት ይሄዳል? ስለዚህ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። ባለ ሁለት ቱቦውን ሄርቢ ይሉታል፤ አንዱ ሳይፎን፣ አንዱ የአደጋ ጊዜ። ባለ ሦስቱ ቢንአኒማል ይባላል። ለአንተ የምመክረው ሦስቱን ነው። ሦስቱም የሚነሡት ገንዳው ውስጥ ከሚሠራ ትንሽ የመውረጃ ሳጥን ነው፤ ውኃው የሳጥኑን ከንፈር አልፎ ይገባበታል።

አንደኛው ሙሉ ሳይፎኑ ነው፤ ቫልቭ ያለው። ሁለተኛው ክፍት ነው፤ በጎኑ ጥቂት ውኃ ብቻ ስልል እያለ ይወርድበታል፤ ድምፅም አያሰማም። ጫፉ ላይ ቀጭን የአየር ጎማ አለችው። የጎማዋን አፍ መልሰህ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከተለመደው የውኃ ልክ ትንሽ ከፍ አድርገህ ታስቀምጣታለህ። አንደኛው ቢደፈን ሳጥኑ ውስጥ ውኃው ከፍ ይላል፣ የጎማዋን አፍ ይሸፍናል፣ አየር ይቋረጣል፣ ሁለተኛው ራሱ ሳይፎን ይሆናል። ማንም ሳይነካው! መጀመሪያ ሲሠራ ያየሁ ቀን ጎረቤት ጠርቼ አሳይቻለሁ። ሦስተኛው ከሁሉም ከፍ ብሎ ደረቅ ሆኖ ይቀመጣል። እሱ ውስጥ ውኃ ሲወርድ ከሰማህ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ቀዳዳዎቹን ከታች ሳይሆን የኋላው መስታወት ላይ፣ ከላይ ዝቅ ብለው ይበሱ። ከታች ተበስቶ የሳጥኑ ሲሊኮን ቢለቅ ገንዳው ሁሉ ባዶውን ይቀራል። ከኋላ ከሆነ ውኃው ከቀዳዳው በታች ሊወርድ አይችልም።

ስለ ናሱ ቫልቭ ነገ እመለስበታለሁ። እስከዚያ እንዳትገጥመው።

---

የቧንቧ_ሰው (ደብረ ሲና)
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:30

ሰላም ጋሼ ጠባሴ፣ ሰላም ለባለ ገንዳው። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ ዓሣ አላረባም፤ ውኃ ሲወርድ ግን ሥራዬ ነው።

አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ሰው ጎሚቶ ይወዳል። በየመታጠፊያው 90 ዲግሪ ጎሚቶ ይገጥማል። እያንዳንዷ ውኃውን ታስታግሳለች። ቦታ ካለህ በአንድ 90 ፋንታ ሁለት 45 አድርግ። ዩኒየን (የሚፈታ መጋጠሚያ) ደግሞ ከቫልቩም ከፓምፑም አጠገብ አስገባ። አንድ ቀን ፈትተህ ታጥበዋለህ። በማጣበቂያ ብቻ ከሠራኸው መጋዝ ይዘህ ልትመጣ ነው።

የፒቪሲ ማጣበቂያ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ቀብተህ፣ አስገብተህ ሩብ ዙር ጠምዝዘህ ትንሽ ጨምቀህ ትይዘዋለህ። ወዲያው ከለቀቅከው ተመልሶ ይወጣል።

ግን ናሱን ለምን ተከለከለ? እኔ ሃያ ዓመት የምገጥመው ናስ ነው። የፕላስቲክ ጌት ቫልቭ (ዙር በዙር የሚዘጋው) እኛ ጋ አይገኝም። ኳስ ያለው ፕላስቲክ ቫልቭ አለ፤ እሱ ደግሞ ልክ ለማስያዝ አይመችም፤ ነካ ስታደርገው ብዙ ይዘጋል። ናሱ ግን ዙር በዙር ነው።

---

መምህርት_ኬሚ (አንኮበር)
ማክሰኞ፣ ቀን 7:10

ለወንድማችን የቧንቧ ሰው መልስ ልስጥ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው።

ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። የቧንቧ ውኃ ላይ ችግር የለውም፤ እኛም እንጠጣበታለን። ጨዋማ ውኃ ግን ናስን ቀስ እያለ ይበላዋል፤ መዳቡ ወደ ውኃው ይገባል። ዓሣ ጥቂት መዳብ ይችላል፤ እንዲያውም የዓሣ ጥገኛ ተውሳክ የሚታከመው በመዳብ ነው። ኮራል፣ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ግን እጅግ በትንሹ ይሞታሉ። ክፋቱ ድንጋዩና አሸዋው መዳቡን ይዘው ማስቀረታቸው ነው። ቫልቩን ነቅለህ ብትጥለውም ነገሩ አላለቀም። ዚንክ የተቀባ ብረትም ያው ነው። ስለዚህ ውኃው በሚያልፍበት ሁሉ ፕላስቲክ፣ መስታወትና ሲሊኮን ብቻ ይሁን። ሲሊኮኑም ፀረ ሻጋታ የተጨመረበት የመታጠቢያ ቤት ዓይነት መሆን የለበትም።

ሌላው ማንም ያላነሣው ነገር ከፍታችን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ምጽዋ ካለው 71 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ደግሞ ግፊቱን ይከተላል። በ26 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ውኃ ምጽዋ ላይ ቢበዛ በሊትር 6.6 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። ደብረ ብርሃን ላይ ያው ውኃ ከ4.7 አይበልጥም። የቱንም ያህል አየር ብትነፋበት ጣሪያው እዚያ ላይ ነው።

ይህን ያነሣሁት ለማስፈራራት አይደለም። ጋሼ ጠባሴ ስድስት ዓመት ይዘዋል፤ ይቻላል ማለት ነው። ቆላ ላለ ሰው የተጻፈ ምክር ለእኛ በቂ እንዳይደለ ግን ማወቅ አለብህ። የእኛ ዓሣ ተርፎት የሚያስቀምጠው ኦክስጅን የለውም። ዓሣ አታብዛ። የገንዳው ላይኛ ገጽ ዘወትር ይናወጥ። መብራት ሲጠፋ ውኃው ዝም እንዳይል በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አዘጋጅ።

---

የቧንቧ_ሰው (ደብረ ሲና)
ማክሰኞ፣ ቀን 8:00

መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መዳቡ ድንጋይ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል የሚለውን አላውቅም ነበር። ናሱን መልስ ወንድሜ። አዲስ አበባ የመስኖና የመዋኛ ገንዳ ዕቃ የሚሸጡ ጋ ፕላስቲክ ጌት ቫልቭ ጠይቅ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ያልቃል።

---

ብርሃን_ሪፍ (ደብረ ብርሃን)
ማክሰኞ፣ ማታ 1:20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ናሱን መለስኩት። የሸጠልኝ ሰው ለዓሣ ነው ስለው ምርጡ ይህ ነው ብሎኝ ነበር። ምን እንደሚያደርስ አላወቀም።

ለመብሳት አንድ የመስታወት ሠራተኛ አግኝቻለሁ። ምን ልንገረው?

---

ጠባሴ_ሪፍ (ደብረ ብርሃን)
ማክሰኞ፣ ማታ 2:05

መጀመሪያ መስታወቱ ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠናከረ) አለመሆኑን ያረጋግጥ። ቴምፐርድ ከሆነ መሰርሰሪያ ሲነካው ተፈረካክሶ ይበተናል፤ አይበሳም። ተራ ከሆነ በአልማዝ ዱቄት የተለበጠ ክብ መጋዝ ይበቃል። ውኃ ሳይቋረጥ እየፈሰሰበት፣ ሳይጫን፣ በቀስታ ይሥራ። ጀርባው ሊወጣ ሲል ደግሞ የባሰ ቀስ ይበል፤ የሚሰበረው ያኔ ነው። ከቀዳዳው እስከ መስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ያህል ይቅር።

ቱቦውን ከቀዳዳው የሚያገናኘውን መጋጠሚያ ስትገጥም፣ ማኅተም ጎማውን ከሰፊው አናቱ ጋር በውስጥ በኩል ታደርገዋለህ። በእጅህ አጥብቀህ ሩብ ዙር ብቻ ጨምር። ሲሊኮን አትቀባ። ያንጠባጠበ ሁሉ ብዙ ያጠበቀ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ይህን ወረቀት ላይ ጻፈው።

የላይኛው ገንዳህ 120 በ50 ነው። እያንዳንዷ ሳንቲ ከፍታ 6 ሊትር ናት። ሳምፕህ 75 በ35 ነው። እያንዳንዷ ሳንቲ 2.6 ሊትር ናት። ከላይ አንድ ሳንቲ ሲወርድ ከታች ከሁለት ሳንቲ በላይ ይነሣል ማለት ነው።

ሳምፑ ሲሠራ ውኃው 22 ሳንቲ ላይ ቢሆን፣ ባዶው 18 ሳንቲ ነው። 47 ሊትር።

መብራት ጠፋ እንበል። ፓምፑ ሲቆም የሚመልሰው ቱቦ ራሱ ወደ ኋላ ሳይፎን ይሆናል። ውኃውን አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ ወደ ታች ይስባል። አንተ አፉን 10 ሳንቲ ላጥልቀው ብለሃል። 10 ሳንቲ በ6 ሲባዛ 60 ሊትር። ሳጥኑ ውስጥና ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ሲጨመር 66 ሊትር ይደርሳል። ቦታህ 47 ነው። ወደ 19 ሊትር ምንጣፉ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያው መብራት የጠፋ ቀን።

አፉን 2 ሳንቲ ብቻ ብታጠልቀው ግን 12 ሊትር ከላይ፣ 6 ከሳጥኑና ከቱቦው፣ በጠቅላላው 18 ሊትር። ሳምፑ ውስጥ 7 ሳንቲ ይነሣል፤ 29 ላይ ይቆማል። በሰላም ታድራለህ።

አንዳንዱ ቱቦው ላይ ከውኃው ገጽ ሥር ትንሽ ቀዳዳ ብሳ፣ አየር ትስባለች ይልሃል። ትሠራለች፤ እኔም አለችኝ። ግን አልጌ ይደፍናታል። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭም በጊዜ ብዛት ቆሻሻ ይይዝና ሳይዘጋ ይቀራል። ሁለቱንም እንደ ተጨማሪ ያዛቸው። የምትተማመነው በአፉ ከፍታ ብቻ ይሁን።

---

ቀወት_ዓሣ (ሸዋ ሮቢት)
ማክሰኞ፣ ማታ 2:30

ጋሼ፣ ይህን ሒሳብ የዛሬ ሁለት ዓመት ባገኘው! ጨው ለሌለው ውኃም ያው ነው አይደል?

---

ጠባሴ_ሪፍ (ደብረ ብርሃን)
ማክሰኞ፣ ማታ 2:45

አዎ፣ ያው ነው። የአንተ ችግር ግን የተገላቢጦሹ ነበር፤ እሱንም እንጨርሰው።

መውረጃው ሁሉ ቢደፈንና ፓምፑ ቢሠራ፣ ፓምፑ የሚገፋው ያለበትን ክፍል ውኃ ብቻ ነው። ሳምፑ በመስታወት ግድግዳ የተከፈለ ነው፤ ፓምፑ የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ይቆማል። ያ ክፍል የሚይዘው ላይኛው ገንዳ ላይ ከቀረው ባዶ ቦታ ማነስ አለበት። የብርሃን ገንዳ ላይ ከውኃው ገጽ እስከ ጠርዙ 3 ሳንቲ ካለ 18 ሊትር ነው። የፓምፑ ክፍል 20 ሳንቲ ርዝመት ቢኖረው 20 በ35 በ22፣ 15 ሊትር ተኩል ገደማ። ይበቃዋል። 25 ቢሆን 19 ሊትር ይደርሳል፤ ለጥቂት አለፈ።

ክፍሉ ትንሽ መሆኑ ዋጋ አለው። ከገንዳው የሚተነው ውኃ የሚታየው እዚያ ብቻ ነው። የላይኛው ከፍታ በሳጥኑ ከንፈር፣ የሌሎቹ ክፍሎች በግድግዳዎቹ የተወሰነ ነው። በቀን 2 ሊትር ቢተን የፓምፑ ክፍል 3 ሳንቲ ይጎድላል። የኛ የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ ነፋስ ደግሞ ታውቀዋለህ። የተነነውን በየቀኑ በንጹሕ ውኃ ሙላ። በጨው ውኃ አይደለም፤ የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም።

---

መምህርት_ኬሚ (አንኮበር)
ረቡዕ፣ ጠዋት 4:00

ስለ ሳጥኑ ከንፈር አንድ ነገር ልጨምር።

የገንዳው ላይኛ ገጽ ላይ ስስ ቅባት ይንሳፈፋል፤ ወጥ ላይ እንደሚወጣው ቅባት። ከዓሣው ምግብና ከፍጡራኑ የሚወጣ ነው። ያ ቅባት አየርና ውኃን ይለያያል፤ ኦክስጅን እንዳይገባ ያዘገያል። እኛ ደግሞ ለማዘግየት የሚተርፍ የለንም። ከንፈሩ ረጅም ሲሆን ውኃው ስስ ሆኖ ያልፋል፤ ቅባቱንም አብሮ ይዞ ይወርዳል።

40 ሳንቲ ርዝመት ባለው ልሙጥ ከንፈር በሰዓት 1500 ሊትር ሲያልፍ ውኃው ከከንፈሩ 7 ሚሊ ያህል ብቻ ከፍ ይላል። ዓሣ እንዳያልፍ ጥርስ ጥርስ አድርገህ ግማሹን ብትሸፍነው 11 ሚሊ ይሆናል። ስለዚህ ከንፈሩን ልሙጥ አድርግ፤ ዓሣውን ለመጠበቅ የሚነሣ መረብ አስቀምጥበት።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ቡና በከሰል የምታፈሉ ከሆነ መስኮት ክፈቱ። ለእናንተ ለራሳችሁ ጤና ይሻላል። ለገንዳውም ቢሆን በታፈነ ቤት የተጠራቀመ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ውኃው ገብቶ ፒኤቹን ዝቅ ያደርገዋል።

---

ብርሃን_ሪፍ (ደብረ ብርሃን)
እሑድ፣ ቀን 9:30

ተመለስኩ። ሦስቱም ቀዳዳ በደህና ተበሳ። ሠራተኛው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ አንዱን ቀዳዳ ብቻ ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ፕላስቲክ ጌት ቫልቩን አዲስ አበባ አገኘሁ። ቧንቧውን በተባልኩት መንገድ ገጠምኩ፤ 90 ጎሚቶ የገባው ሳጥኑ ውስጥ ሳይፎኑን ወደ ታች የሚያዞረው ላይ ብቻ ነው።

ጨው ሳልጨምር በቧንቧ ውኃ ሞከርኩት። የምነግራችሁ ጥሩም መጥፎም አለ።

መጥፎው፣ ሳይፎኑ ቶሎ አልተነሣም። ፓምፑን ካስነሣሁ በኋላ ስምንት ደቂቃ ያህል ሦስተኛው ቱቦ ሲጮህ ቆየ። ፍሰቱንም ለካሁት። 10 ሊትሯ ባልዲ በ20 ሰከንድ ሞላች። በሰዓት 1800 ሊትር ማለት ነው፤ ካርቶኑ ላይ 3000 ነው የሚለው። ፓምፑ ተበላሽቶ ይሆን?

---

የቧንቧ_ሰው (ደብረ ሲና)
እሑድ፣ ቀን 10:05

ፓምፑ ደህና ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከፍታ በሌለበት ነው የተለካው። አንተ ከሳምፕ እስከ ገንዳ አናት ከአንድ ሜትር በላይ ትገፋለህ። ቱቦውም ግጭት አለው። 1800 ለእንደዚህ ዓይነቱ ጥሩ ነው።

ሳይፎኑ የዘገየው የቱቦው ጫፍ ሳምፑ ውስጥ ብዙ ስለጠለቀ ይመስለኛል። ስንት ነው?

---

ብርሃን_ሪፍ (ደብረ ብርሃን)
እሑድ፣ ቀን 10:20

15 ሳንቲ።

---

ጠባሴ_ሪፍ (ደብረ ብርሃን)
እሑድ፣ ቀን 11:00

ወንድማችን በትክክል አግኝቶታል። ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር ወጥቶ እንዲያልቅ ያን 15 ሳንቲ ውኃ ገፍቶ መውጣት አለበት። ቆርጠህ 2 ወይ 3 ሳንቲ ብቻ ይጥለቅ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲነሣ ታየዋለህ።

1800 ሊትር ለገንዳህ በሰዓት ስድስት ዙር ነው። ለሳምፕ ከበቂ በላይ ነው። ግን ይህን ፍሰት ኮራሉ ከሚፈልገው ፍሰት ጋር አትቀላቅለው። ሳምፕ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ ለማጣራት፣ ለማሞቅና አየር ለማግኘት ነው። ኮራል ግን ቆሞ የሚኖር ፍጡር ነው፤ ምግቡን የሚያመጣለት፣ ቆሻሻውን የሚያነሣለት ወራጁ ነው። ለለስላሳ ኮራል ከገንዳው መጠን ከ10 እስከ 20 እጥፍ በሰዓት ይንቀሳቀስ። ለአንተ ከ3000 እስከ 6000 ሊትር። ይህንን ከፓምፑ አትጠብቅ። ገንዳው ውስጥ ሁለት ወራጅ ፈጣሪ ፓምፕ፣ እያንዳንዳቸው 2500 ገደማ፣ ግራና ቀኝ ጎን ላይ አድርግ። እየተፈራረቁ ይሥሩ። ባሕር ውስጥ ውኃው ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ እንደ ወንዝ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም።

አንዱንም ኮራል ፊት ለፊት አታነጣጥርበት። ሥጋው ከአጥንቱ ሲላቀቅ አይቻለሁ። ድንጋዩንም ከኋላው መስታወት ጋር አታጣብቀው፤ ዝቃጩ እዚያ ይከማቻል።

---

ቀወት_ዓሣ (ሸዋ ሮቢት)
እሑድ፣ ማታ 1:15

እግረ መንገዴን ልጠይቅ። ጨው የሚገባው ከውጭ ነው፣ ውድ ነው ይላሉ። የአፍዴራ ጨው እያለ?

---

መምህርት_ኬሚ (አንኮበር)
እሑድ፣ ማታ 1:50

አይሆንም። የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ ለወጥ እንጂ ለኮራል አይበቃም። የባሕር ውኃ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌትና ቢካርቦኔት አለው። ኮራል በተለይ ካልሲየሙንና ቢካርቦኔቱን ይወስዳል። ለገንዳ የተቀመመውን ጨው መግዛት ግድ ነው። በሊትር 35 ግራም ገደማ ሲሆን የባሕሩን ልክ ያገኛል።

---

ብርሃን_ሪፍ (ደብረ ብርሃን)
ሐሙስ፣ ማታ 3:30

ቱቦውን ቆረጥኩት። ሳይፎኑ አሁን በ40 ሰከንድ ይነሣል።

ሁለቱንም ሙከራ አደረግሁ። መጀመሪያ ሦስቱንም መውረጃ በጨርቅ ጠቅጥቄ ፓምፑን አስነሣሁ። ላይኛው ገንዳ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ከዚያ ፓምፑ አየር መሳብ ጀመረ። ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሲቀረው ቆመ። አንድም ጠብታ አልወጣም። ከዚያ ሶኬቱን አሥር ጊዜ ነቅዬ ሰካሁ። ሳምፑ ውስጥ ሁልጊዜ 29 ሳንቲ አካባቢ ነው የሚቆመው። እዚያ ላይ በቀይ ቀለም አሰመርኩበት።

እናቴ ከወጥ ቤት እየወጣች ታየኝ ነበር። «ይኸ ሁሉ ለሁለት ዓሣ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ግን ወንበር አምጥታ ተቀመጠች፤ ስምንተኛውን ሙከራ እሷ ናት ሶኬቱን የነቀለችው።

---

ጠባሴ_ሪፍ (ደብረ ብርሃን)
ሐሙስ፣ ማታ 3:55

ለእናትህ ሰላምታ አድርስልኝ። ገመዶቹን ደግሞ እይ። ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ዝቅ ብለው ተንጠልጥለው ይውጡ፤ በገመዱ ላይ የወረደ ጠብታ ወለል ላይ ይወድቃል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ማሞቂያውን ሳምፑ ውስጥ፣ ውኃው በማይጎድልበት ክፍል አስቀምጠው። በፓምፑ ክፍል ካስቀመጥከው ውኃው በተነነ ጊዜ ደርቆ ይሰነጠቃል። 25 ዲግሪ ላይ አድርገው። የኛ ሌሊት ብርድ ስለሚያይል የካቢኔውን ጀርባ በፎም ሸፍነው፤ አየር ግን ይግባበት።

---

ብርሃን_ሪፍ (ደብረ ብርሃን)
የሚቀጥለው ሰኞ፣ ጠዋት 12:50

ትናንት ጨውን ቀላቀልኩ። ድንጋዩም ገብቷል። ዓሣ ገና ነው፤ ገንዳው እስኪበስል (ቆሻሻውን የሚያጠፋው ባክቴሪያ እስኪራባ) ሳምንታት እጠብቃለሁ።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ዝምታው ነው። በስልኬ መብራት ካቢኔውን ከፍቼ አየሁ። ውኃው ቀስ እያለ ወጣ፤ ከቀይ መስመሩ ግማሽ ሳንቲ ዝቅ ብሎ ቆመ። የባትሪዋን አየር ፓምፕ አስነሣሁና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። 11 ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ሦስተኛው ቱቦ ትንሽ ጮኸ፣ ከዚያ ሳይፎኑ ያዘ፣ ቤቱ ፀጥ አለ። ምንጣፉን በእጄ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው።

ጋሼ፣ ከመስመሩ ግማሽ ሳንቲ ያነሰው ከትነት ነው አይደል? ዛሬ 1 ሊትር ተኩል ንጹሕ ውኃ ልጨምርበት ነው።